አምስተኛዋ ቋጠሮ

የዚያን ቀን ጠዋት ምስር እየለቀምኩ ነበር። የቀበሌ ምስር ነው፣ ግማሹ ምስር ግማሹ ጠጠር። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ብርሃን ፍለጋ በሩ አፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ቱታውን እየለበሰ ነው። ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ሦስቱ ልጆቼ ሻይ ይጠጣሉ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ የመጨረሻዋ ቋጠሮ ላይ ነን።

ቋጠሮውን ልንገርሽና ከዚያ እቀጥላለሁ። እኔ አያትሽ እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። የቤቴን ወጪ የምይዘው በጨርቅ ነበር። ያረጀ ነጠላ እቀድና ወር ሲገባ ከቀበሌው ሱቅ የመጣውን ሁሉ አራት ቦታ እቋጥረዋለሁ። ስኳሩን አራት፣ ዱቄቱን አራት፣ ምስሩን አራት። ሳሙናውን በክር አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ። ዘይቱ በአራት ጠርሙስ ይቀመጣል። ባለቤቴ የሚሰጠኝም ብር መቀነቴ ውስጥ አራት ቦታ ይታሰራል፤ የሽንኩርቱ፣ የበርበሬው፣ የላምባው። ከእሑድ እስከ እሑድ አንድ ቋጠሮ። የሳምንቱ ካለቀ አለቀ፣ የሚቀጥለው አይፈታም። ቅዳሜ ላይ ስኳር ከሌለ ሻዩ መራራውን ይጠጣል። ሞተን አናውቅም በመራራ ሻይ።

አምስተኛ ቋጠሮ ደሞ አለች። ከአራቱ ላይ ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ የማወጣት፣ ከሁሉም አንዳንድ የቡና ሲኒ የምታህል። የወር ጅራት እላታለሁ። ወር ሲገባ ሁሉም ሰው ሀብታም ነው እኮ፤ ሰው የሚለየው ጅራቱ ላይ ነው። ደሞዝ ይዘገያል፣ ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል። ምንም ካልመጣ ዱቄቷንና ዘይቷን ለሚቀጥለው ወር አሳልፋታለሁ፤ ስኳሯን ማድጋ ውስጥ እጨምራታለሁ። ማድጋዋን አልጋ ሥር ቆፍሬ ቀብሬያታለሁ፣ አፏ ከመሬቱ እኩል፣ ላይዋ ላይ ሰሌን። ሌባ ፈርቼ አይደለም። ልጆቼን ፈርቼ ነው፤ ስኳር ካዩ ምላሳቸው አይመለስም።

ይህን ነገር ከባለቤቴ ሌላ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ስታስል እሰማታለሁ፣ ስቆጣ ትሰማኛለች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው። ወር በመጣ ቁጥር እየተበደረች ስታለቅስ አይቼ ቋጠሮውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷም ጅራት ማስቀረት ለምዳ በዱቄት ወተት ጣሳ ታስቀምጥ ነበር።

እና ምስሬን እየለቀምኩ፣ የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ያኔ የብዙ ሰው ኮቴ በጠዋት ከሰማሽ አሰሳ ነው። የቀበሌ ጥበቃዎች ሦስት ሆነው ገቡ። ጠመንጃ ይዘዋል፣ አንደኛው የግንበኛ ፌሮ ይዟል፣ መሬቱን የሚወጋበት። አንደኛው እኔን ሊያልፍ ሰፌዱን በእግሩ ጠለዘው። ምስሩም ጠጠሩም ደጅ ተበተነ።

«ጥይት አለ? ወረቀት አለ?»

«የለም ወንድሜ፣ ፈትሹ» አለ ባለቤቴ።

ፍራሹን በቢላ ቀደዱት። የልጆቹን ደብተር በተኑ። ፌሮ የያዘው አልጋውን ገፋና መሬቱን ወጋ ወጋ ሲያደርግ ሸክላው ቂው አለ። 

«ስኳር ነው» አልኩ።

«ስኳር ይቀበራል?» አለ ፌሮ የያዘው። «ሞተብሽ እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። ሰሌኑን ገልጠው እጃቸውን ሲነክሩ ግን ሳቁ ቆመ። ማድጋዋ እስከ አፏ ሞልታለች፣ የስንት ወር ጅራት ነው። ያኔ ስኳር ከጥይት አይተናነስም ነበር፤ ሰው ሱቅ በር ላይ ቀን ሙሉ ቆሞ «አልቋል» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ «የኛ ኮታ ነው፣ ሚስቴ እየቆጠበች...» ብሎ ሳይጨርስ አንደኛው በሰደፍ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ ደረቱ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ሲጮሁ እኔ ማድጋዋን ልይዝ ጎንበስ አልኩ፣ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፤ አንደኛው እጄን ረገጠው። ይኸው ይህቺ ጣቴ እስካሁን ቀጥ አትልም።

ማድጋዋን አስቆፍረው ለራሱ ለባለቤቴ አሸከሙት። አንገቱ ላይ ካርቶን በሲባጎ አንጠለጠሉለት፣ የተጻፈበት። ከሰፈራችን አውጥተው በቦሌ መንገድ ዳር ዳሩን ነዱት። ቆም ሲል በሰደፍ ወገቡን፣ ፈጠን ሲል ደሞ «ልታመልጥ ነው?» ብለው ጭንቅላቱን። ደሙ ከአፉ እየወረደ ካርቶኑን ያረጥበዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እኔ ከኋላ ከኋላ እሄዳለሁ፣ ጎረቤቴ ክንዴን ይዛኛለች።

«ምንድነው የሚለው ካርቶኑ?» አልኳት። እሷ ማንበብ ትችላለች።

«ተይው።»

«ንገሪኝ።»

«የሕዝብ ስኳር የደበቅኩ አሻጥረኛ ነኝ ይላል።»

«የኛ ስኳር ነው እኮ። በኛ የኮታ ካርድ፣ በኛ ብር።»

«እሱን መጻፊያ ካርቶኑ ላይ ቦታ አልነበረም» አለችኝ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ መቅረት የለም፤ የቀረ ሰው ካርዱን ይቀማል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማድጋዋን ጠረጴዛ ላይ አድርገዋታል። ባለቤቴን ከኋላ ክፍል አምጥተው አጠገቧ አቆሙት። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። እግሩን አየሁ፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ተረከዙን አያሳርፍም። በጣቶቹ ነው የቆመው፣ እንደ ዶሮ። ምን እንዳደረጉት ያኔ ገባኝ። ገልብጠው ውስጥ እግሩን ገርፈውታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወፍራም አልነበረም፣ ቀጭን ነው፣ ድምፁም ቀጭን። የማድጋዋን ስኳር በማንኪያ እየቀዳ ሲያፈስሰው ሁላችንም እናያለን።

«ጓዶች፣ ዛሬ ወር ማለቂያ ነው። ቤቱ ስኳር ያለው እጁን ያውጣ።»

ማን ያወጣል? እጅ ያወጣ ሰው ቤቱ ይፈተሻል። ጎረቤቴ አጠገቤ ናት። ወዲያ አየች፣ ነጠላዋን ሳበችና ሁለቱንም እጇን ከሥሩ ከተተች። የወተቱ ጣሳ እንዳላት እኔ አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

«ማንም የለውም» አለ ሊቀመንበሩ። «የአንድ ቀበሌ ሰው፣ አንድ ዓይነት ኮታ። ሁሉም ጨርሷል። ታዲያ ይኼ ከየት መጣ? ከመጋዘን ነው የተሰረቀው ወይስ ከሰማይ ወረደ?»

ተነሣሁ። «ከአፋችን ነው የቀነስነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ጌታ የለም። ጓድ በይ።»

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።»

ሰው ሳቀ። ባለቤቴ እንኳን በዚያ ባበጠ አፉ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ከጎኑ የቆመው ጥበቃ በክርኑ ጎኑን መታውና ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። እኔ ቋጠሮውን ሁሉ ተናገርኩ። በየሳምንቱ አንድ ብዬ፣ አምስተኛዋን ጅራት ብዬ፣ ከሁሉም አንዳንድ ሲኒ ብዬ። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ደግ» አለ። «በሚመጣው ወር ታሳይናለሽ። ወር ሲገባ ኮታሽን በጥበቃ ፊት ትቀበያለሽ። ወሩ ሲያልቅ አንድ ሲኒ ስኳር፣ አንድ ሲኒ ዱቄት፣ አንድ ሲኒ ዘይት፣ ሱቁ በር ላይ ሰው ፊት ታቀርቢያለሽ። ከሞላ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ከጎደለ የሱ ነገር ከኔ እጅ ይወጣል፣ ወደ ላይ ይሄዳል።»

ወደ ላይ የተላከ ሰው እንዴት እንደሚመለስ እናውቃለን። አይመለስም። ጠዋት ጠዋት በመገናኛ በኩል፣ ያኔ ሜዳ ነበር፣ ሣር ላይ ነው የሚገኘው፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ። ሬሳውን ለመውሰድ ደሞ የጥይቱን ክፈሉ ይባላል። እኔ የባለቤቴ ነፍስ በሲኒ ተሰፈረች አልኩ በሆዴ።

ወሩ ገባ። ወረፋ ያኔ በድንጋይ ነበር የሚያዘው። ዋዜማውን ድንጋይሽን ሱቁ በር ላይ በተራ ታስቀምጫለሽ፣ ጠዋት መጥተሽ ድንጋይሽ አጠገብ ትቆሚያለሽ። ሁሉም የሁሉንም ድንጋይ ያውቃል። የኔ ጥቁር ናት፣ እንደ ዳቦ ጠፍጣፋ። የጎረቤቴ ነጭ የመሠረት ድንጋይ ናት። የሰው ድንጋይ ያነሣ ሰው ይደበደባል፤ አንዴ አንድ ሴትዮ በዚያ ምክንያት ክንዷ ሲሰበር አይቻለሁ። ኮታዬን ስቀበል ጥበቃው ከኋላዬ ቆሞ ነው፣ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ስቋጥርም ቆሞ ያያል። ብሩን ከጋራዡ ነው ያመጣሁት። የጋራዡ ሰውዬ የባለቤቴን የመጨረሻ ደሞዝ በኋላ በር፣ ፊቴን ሳያይ ሰጠኝ፤ «እባክሽ ሁለተኛ አትምጪ» አለኝ።

የወትሮውን ቋጠሮ ቋጠርኩ። ግን ወትሮ የኔ ቤት ብቻ ነበር የሚበላው። አሁን የእስር ቤቱም ምሳ ከዚያው ነው። የታሰረ ሰው የሚበላው ከቤቱ ነው፣ ካላመጣሽለት ይራባል። በየቀኑ ምሳ ቋጥሬ እሄዳለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ክዳኑን ከፍቶ በጩቤው ይቆሰቁሰዋል፣ ከላይ ከላዩን ይበላል። ከጀርባው ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ። ጅራፉ ሲያርፍ ይሰማል፣ ከዚያ ሰውዬው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን አቀናለሁ። የባለቤቴ ሲሆን አውቀዋለሁ፤ እሱ አይጮህም፣ ያጉረመርማል፣ ቆርቆሮ ሲከብደው እንደሚያጉረመርመው።

«ጨው አንሶታል» ይለኛል ጥበቃው እያኘከ።

«የወሩ ጨው ነው ጌታዬ።»

«ዛሬ በርበሬም የለውም።»

«የሳምንቱ አልቋል። እሑድ ይፈታል።»

አንድ ቀን ተናደደና የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ገለበጠው። «እሑድ ይፈታል! ባልሽም እሑድ ይፈታ ይሆናል» ብሎ ሳቀ። አጎንብሼ ከአፈሩ ለቀምኩት፤ አፈሩን አራግፌ መልሼ ሰጠሁት። ያቺን ምሳ ከየትኛው ቋጠሮ እተካታለሁ?

ከምሳው ይልቅ የጎዳኝ ግን ሳሙናው ነው። በየሳምንቱ የባለቤቴን ሸሚዝ ለእጥበት ይሰጡኛል። ሸሚዙ በጀርባው በኩል እንደ ቆዳ ደርቋል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ስታሽው ሳሙናውን ይበላዋል፤ አረፋው ቀይ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ትለቀልቂያለሽ። የአንድ ሳምንት ሳሙና በአንድ ሸሚዝ አለቀ። የሁለተኛውን ሳምንት ሳልነካ ልጆቹን ይዤ ወንዝ ወርጄ እንዶድ ለቀምኩ። ከዚያ ወዲያ የባለቤቴን ደም በእንዶድ ነው ያጠብኩት። ሸሚዙ አይነጣም፣ ይቆረቁራል። ጥበቃው ተቀብሎ «ሚስትህ ሳሙና ቆጠበች» ብሎ ፊቱ ላይ እንደወረወረበት በኋላ ባለቤቴ ነገረኝ።

እናትሽ ያኔ ትንሽ ነበረች፣ ሁለተኛ ልጄ ናት። ይህንን ጻፊው፣ እሷም ታስታውሰዋለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቋጠሮዎቹን ስዳስስ አምስተኛዋ የስኳር ቋጠሮ ረጥባለች። ጨርቁ ላይ ክብ ርጥበት አለ። ልጆቹን ሰብስቤ ከንፈራቸውን አሸተትኩ። እናትሽ ናት። ቋጠሮውን ሳትፈታ ጨርቁን በአፏ መጥጣ ነው የላሰችው። ማማሰያውን አነሣሁና እጇን የጣራው ምሰሶ ላይ አስደግፌ መታኋት። ጣቶቿ አበጡ፣ የአንዱ ጥፍር ጠቁሮ ወደቀ። አላለቀሰችም፣ ታየኛለች።

«ስኳር መሰለሽ የላስሽው?» አልኳት። «አባትሽን ነው የላስሽው።»

ትልቋ ልጄ ማማሰያውን ከእጄ ቀማችኝ፤ እሷንም አንድ አቀመስኳት። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል ደበደበች። «ትገድያታለሽ!» አለች። እኔም በግድግዳው በኩል «አንቺ እጅሽን ብታወጪ ኖሮ!» አልኳት። ከዚያ በኋላ ወሩ እስኪያልቅ ከቤቷ ሳል እንጂ ቃል አልሰማሁም። እኛም ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ።

ወሩ አለቀ። ሱቁ በር ላይ ጠረጴዛ አወጡ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ ሊያዝንልኝ ነው የመጣው፣ አንዳንዱ ሊያይ ነው። ባለቤቴን በሁለት ሰው ብብቱን ይዘው አመጡት። ሊቀመንበሩ ሲኒ ከቤቱ ይዞ መጥቷል፣ የኔን አላመነም። ከኔ ሲኒ ትበልጣለች። ግን ማን ይናገራል።

ለክፉ ቀን ብዬ ከሲኒ ትንሽ አስበልጬ ነበር የያዝኩት፣ ዱቄቱ ሞላ። ዘይቱም ሞላ፣ ከአፉ ላይ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም። ስኳሩን ባለሱቁ ከቋጠሮዬ ገለበጠው። እኩል ሆነ።

«ምታው» አለ ሊቀመንበሩ።

ባለሱቁ ሲኒዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሲያደርጋት ስኳሩ ሰመጠ። ከአፏ ዝቅ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ» ስትል ሰማሁ። አንዱ ጥበቃ የባለቤቴን ክንድ ወደ ኋላ ጠመዘዘ፣ ሊወስደው።

ቋጠሮውን ከባለሱቁ እጅ ነጠቅኩት። ያቺ እናትሽ የመጠጠቻት ጨርቅ ናት፣ ስኳሩ ቀልጦ ጨርቁ ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጣብቋል። ገለበጥኩና በጥፍሬ ፋቅኩት። ቋጠሮው ታስሮበት የነበረውን እጥፋት ፈልቅቄ በሲኒዋ ላይ አራገፍኩ። ፍርፋሪው ወረደ። እንደገና አራገፍኩ። ስኳሩ አፏ ጋ ደረሰ። ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ እሱንም ጣቴን በምራቅ አርሼ አንሥቼ ጨመርኩት።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ሲኒዋን በጎን አያት። ጣቱን ነከረና ላሰ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎደጎደ፤ ያቺን ጉድለት ደሞ በኔ ይቆጥራት ይሆን ብዬ ጣቱን ጣቱን አያለሁ።

«ስኳር ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «አያችሁ ጓዶች? እናንተ ኮታው አነሰን እያላችሁ ስታማርሩ ነበር። ይህቺ ጓዲት ባሏን እስር ቤት እየቀለበች፣ ሦስት ልጅ እያበላች፣ አተረፈች። እንግዲህ ኮታው አላነሰም። በዝቷል።»

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየው። ያኔ እኔ አልገባኝም። እኔ ባለቤቴን ነበር የማየው። ክንዱን ለቀውለት ነበር፣ ሲለቁት ደሞ ወደቀ። የሥራ ባልደረቦቹ የጋራዡን የዕቃ ጋሪ ይዘው መጥተው በሱ ገፍተን ወሰድነው። መንገድ ላይ ነጠላዬን እግሩ ላይ ጣል ሳደርግለት አየኝ።

«ስንት ተረፈሽ?» አለኝ።

«አንድ ሲኒ።»

«የኔን የጫማ ወጪም ቀንሺ። ከእንግዲህ የሚገባኝ ጫማ የለም።»

እሱ እንደዚህ ነበር። እስኪሞት ድረስ በከዘራ ነው የሄደው።

በማግስቱ አዲሱ ወር ገባ። ድንጋዬን በዋዜማው አስቀምጬ ጠዋት ስሄድ ሱቁ በር ላይ ጩኸት አለ። የስኳሩ ኮታ ተቆርጧል፣ ግማሽ ሆኗል። ዘይቱም እንደዚያው። ባለሱቁ «እኔ ምን ላድርግ፣ ይበቃል ተብሏል» እያለ ነው። እኔ ስደርስ ጩኸቱ ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ቆጣቢዋ መጣች» አለች አንዷ።

«እስቲ አሳዪን፣ በዚህም አትርፊና ሙሉ ለሙሉ ይቅርልን» አለች ሌላዋ።

«ባሏን በኛ ልጆች አፍ ነው የገዛችው።»

ድንጋዬ አጠገብ ልቆም ሄድኩ። ድንጋዬ ግን ከተራዋ ወጥታ ጉድጓድ ውስጥ ተጥላለች። ላነሣት ጎንበስ ስል አንዷ ነጠላዬን ከኋላ ሳበችው፣ አንገቴን አነቀኝ። ዞሬ በካልቾ ጉልበቷን አልኳት። እኔም ያኔ ጉልበት ነበረኝ። ከዚያ ፀጉሬን ያዙኝ፣ በጥፊ ያዙኝ፣ አንዷ ነከሰችኝ። እንደምንም ፈልቅቄ ወደ ሱቁ በር ገባሁ። ባለሱቁ ፈራና ኮታዬን ቶሎ ሰፈረልኝ፣ ያንን ግማሹን። ይዤ ስወጣ ድንጋዩ መጣ። የወረፋ ድንጋዮቻቸውን እያነሡ ነው የወረወሩብኝ። አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ትከሻዬን። አንዲት ነጭ ድንጋይ እግሬ ሥር ወድቃ ተንከባለለች። ከዚያ ይኼኛው መጣ፣ ይኸው ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ። ዱቄቱ ላይ ወደቅኩ።

ጥበቃዎቹ አጥሩ ጋ ቆመው ያዩ ነበር። ንቅንቅ አላሉም።

ስነሣ ዱቄቱ በደም ረጥቧል። የረጠበውን እንደ ሊጥ ጠቅልዬ ጣልኩት፣ ደረቁን ሰበሰብኩ። ድንጋያቸውን ወርውረው ስለጨረሱ ወረፋው ጠፍቶ፣ እኔን ትተው እርስ በርሳቸው «እኔ ነበርኩ ፊት፣ አንቺ አልነበርሽም» እያሉ ይያያዛሉ።

ቤት ገብቼ ቅንድቤን በጨርቅ አስሬ የተረፈውን መቋጠር ጀመርኩ። ባለቤቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ያየኛል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። በጣሳ ለብ ያለ ውሃ በጨው ይዛለች። ሳትጠይቀኝ ተቀመጠችና ጨርቁን ፈትታ ቁስሉን ታጥበኝ ጀመር። ጨው ሲነካው ጥርሴን ነከስኩ።

«ነጯ ድንጋይ የኔ ናት» አለችኝ ኋላ፣ ዓይኗን ከቁስሉ ሳታነሣ። «እግርሽ ሥር እንድትወድቅ ብዬ ነው የወረወርኳት፣ አይተሻታል። ባልወረውር ኖሮ እኔንም ከአንቺ ጋር ይቆጥሩኝ ነበር። የስብሰባው ጊዜም እንደዚያው ነው። አትማሪኝ፣ ማሪኝም አላልኩሽም። ብቻ ይህቺን ግማሽ ስኳር አራት ቦታ እንዴት እንደምትቋጥሪያት ዛሬውኑ አሳዪኝ፤ አምስተኛዋን ግን እኔ አልቋጥራትም፣ እዚያው በቁሜ እልሳታለሁ።»